ባለአንድ ክንዱ መርከበኛ በመቱ

ይህ ታሪክ መነገር ይገባው እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። ኮሌጅ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ስለ ሕይወታችሁ ጻፉ ሲባሉ ስለ መሬት ሙግት፣ ስለ አባት መታሰር፣ በእግር ስለተሄደ ረጅም መንገድ ይጽፋሉ። እኔ ያለኝ የአሮጌ ወረቀት ነገር ነው፤ ስኳርና በርበሬ ሊጠቀለልበት መቱ የመጣ የሥዕል ወረቀት። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድሁት። ሌላ ልጽፍ ብል ግን ሌላው ሁሉ የሰው ታሪክ መሰለኝ።

መቱ ውስጥ ከገበያው በታች ሱቅ ያላቸው አንድ ሰው ነበሩ፤ ከተማው ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። ቡና ጭነው አዲስ አበባ የሚሄዱት መኪናዎች ሲመለሱ ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙናና አቡጀዲ ያመጡላቸዋል። ከዚያ ጋር በሲባጎ የታሰረ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ይመጣል፤ ለመጠቅለያ። አብዛኛው ጋዜጣ ነው። አልፎ አልፎ ግን በመካከሉ የፈረንጅ ልጆች አንብበው የጣሉት ባለቀለም የሥዕል መጽሔት ይገኛል። እኛ «ባለሥዕል» እንለው ነበር፤ ኮሚክ የሚባል ስም እንዳለው የሰማሁት ቆይቼ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከዛፍ ሥር፣ አንዲት ጠረጴዛ ዘረጋ። እናታችን ኮረሪማና ዝንጅብል ትሸጣለች። እኔን ግን ሁለቱም ከትምህርት ቤት አላስቀሩኝም። አንድ ቀን እናቴ ከሐጂ ሱቅ ስኳር ገዝታ መጣችና ወንድሜ ስኳሩን ገልብጦ ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ አቃናው። አንድ ክንድ ብቻ ያለው መርከበኛ ከማዕበል ጋር ይታገላል። ገጹ እኩሌታው ተቀድዶ ስለነበር ከማዕበሉ ይውጣ አይውጣ አይታወቅም።

ወንድሜ ወዲያው ሄደ። እኔም ተከተልሁት።

«ሐጂ፣ የዚህ ግማሽ የት አለ?»

«በርበሬ ይዞ ወደ ጎሬ ሄዷል» አሉት ሐጂ፣ ሚዛናቸውን ሳይለቁ። «ለምን? የፍርድ ቤት መዝገብ ነው እንዴ?»

«ሐጂ፣ እባክዎ፣ ባለሥዕሉን አይቅደዱብኝ። በኪሎው ልክ ሌላ ወረቀት አመጣልዎታለሁ።»

ሐጂ ሳቁ። «ወረቀት በወረቀት የሚገበያይ ሰው በዕድሜዬ ሙሉ አላየሁም። እሺ፣ አምጣ።»

እንዲህ ተጀመረ። ወንድሜ የተበላሹ ማመልከቻዎችን እየሰበሰበ ለሐጂ ይወስዳል፣ ሐጂም ባለሥዕሉን ለብቻ ያስቀምጡለታል። በሁለት ዓመት ውስጥ የመርከበኛውን ታሪክ ከአንደኛው ቁጥር እስከ ስምንተኛው አገኘን። ታሪኩ በዘጠነኛው እንደሚያልቅ ከስምንተኛው ጀርባ ላይ ተጽፎ ነበር።

በመቱ ባለሥዕል ሲያዝ እንዲሁ አይቀመጥም። በሥዕሉ ውስጥ ከሰዎቹ አፍ አጠገብ ነጭ ክብ አለ፤ የሚናገሩት እንግሊዝኛ እዚያ ውስጥ ተጽፏል። ያንን ክብ «ትንፋሽ» እንለዋለን። ወንድሜ ከማመልከቻ ጠርዝ ላይ ነጩን ወረቀት ይቆርጣል፣ በትንፋሹ ልክ ክብ ያደርገዋል፣ በዱቄት ሙጫ ይለጥፈዋል፣ ሲደርቅ በቀጭን ብዕር አማርኛ ይጽፍበታል። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባውም ነበር። ሥዕሉን አይቶ፣ የሰዎቹን ፊት አይቶ፣ ይናገሩታል ብሎ ያሰበውን ይጽፋል። ልማዱ መጀመሪያ የአንዱን ቁጥር ትንፋሾች በሙሉ በነጭ መሸፈን ነው፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ ይጽፋል።

ሁለት የቀለም ጠርሙስ ነበረው። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ውሃ የበዛበት ሰማያዊ።

«ጥቁሩ ለመንግሥት ነው» ይለኛል። «ቀጭኑ ለመርከበኛው።»

«ለምን ለመርከበኛው ቀጭን ይሆናል፣ ጋሼ?»

«መርከበኛ ውሃ ይለምድ የለ!»

መርከበኛውን የሚያሳድድ ቀይ ጢም ያለው የወደብ ሹም ነበር። ወንድሜ ለእሱ የሰጠው ንግግር ዛፉ ሥር ተቀምጦ ሲሰማ የሚውለውን ነው። መርከበኛው እየሰመጠ ሳለ ሹሙ ከወደቡ ላይ ሆኖ «መዝገቡ አልተገኘም፤ ነገ ተመለስ!» ይለዋል። መርከበኛው ሲናደድ ደግሞ በኦሮምኛ ነው፤ «ዲሲ! ተወኝ አልሁህ!» የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ይህን ሲነበብ የሰማ ቀን ጠመንጃውን ዛፉ ላይ አስደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ኧረ እኚህ ሰውዬ የኛው ሹም ናቸው! ጢማቸው ብቻ ነው የተቀየረ!»

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ» አለው ወንድሜ፣ «ጠረጴዛዬን ሊያስነሡብኝ ነው?»

የቅዳሜ ገበያ ሲሆን ከሐጂ ሱቅ ጎን የባለሥዕል ገበያ ይቆማል። ከጎሬ ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ከያዮ የቡና ለቃሚ ልጆች ይመጣሉ። ያልተለጠፈበት ባለሥዕል «ዲዳ» ይባላል፤ የተለጠፈበት «የሚናገር»። አንድ የሚናገር በሦስት ዲዳ ይለወጣል። የወንድሜ እጅ ያረፈበት ሲሆን በአራት። ሽፋኑ የጠፋ ዋጋው ግማሽ ነው። ገዢው ገልጦ ከማየቱ በፊት ያሸታል፤ ጭስ ጭስ ካላለ አይነካውም። በኛ አገር ዝናብ ከምድጃ በላይ ያልተሰቀለ ወረቀት ወር ሳይሞላው ይሻግታል። የኛ ዘጠኝ ወር ሙሉ ከእሳቱ በላይ በቆርቆሮ ሣጥን ስለሚውሉ፣ ሽታቸው ብቻ ዋጋቸውን ይናገር ነበር።

ማንበብ የማይችሉም ይመጣሉ። ከያዮ በኩል ማር የሚያመጣ አንድ ጎልማሳ ነበር። በየወሩ ማሩን ሸጦ ሲጨርስ ወደ ወንድሜ ይመጣና ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦

«ክንዱ በቀለችለት?»

«ገና ነች» ይለዋል ወንድሜ። «ዘጠነኛው ላይ ሳትበቅል አትቀርም።»

«እንግዲያው ዘጠነኛውን ፈልገው እንጂ! ሰውዬው በአንድ እጅ እስከ መቼ ይቀዝፋል?»

ዘጠነኛው ጎሬ አንድ ተማሪ ዘንድ ተገኘ። ልጁ ዋጋውን አውቆ ነበር። ወንድሜ ከመርከበኛው ቁጥሮች በቀር ያለውን የሚናገር ሁሉ ሰጠው፤ ስድስት ባለሥዕል ለአንድ። ይህ የሆነው በ1960 ክረምት ነው። ወንድሜ ያኔ ሳል ይዞት ነበር። ሐኪም ቤት ገብቶ ወጣ፣ እንደገና ገባ፣ እንደገና ወጣ። ከዛፉ ሥር ያለችው ጠረጴዛ ቤት ገብታ አልጋው አጠገብ ቆመች። እዚያ ላይ የዘጠነኛውን ትንፋሾች ሁሉ በነጭ ሸፈነ፤ ከዚያ መጻፍ ጀመረ። በቀን አንድ ገጽ፣ በኋላ በሳምንት አንድ ገጽ።

«ጋሼ፣ ልጻፍልህ? አንተ ንገረኝና» እለዋለሁ።

«አንቺ ፊደልሽ ቆንጆ ነው» ይለኛል። «መርከበኛ ግን እንዲህ ጎበዝ ተማሪ ሆኖ ከተናገረ ማን ያምነዋል?»

ከአሥራ ስድስቱ ገጾች ዘጠኙን ጻፈ። በዘጠነኛው ገጽ መጨረሻ መርከበኛው ወደቡ ላይ ወጥቷል፤ ቀይ ጢሙ ሹም መዝገብ ዘርግቶ «ስምህን ተናገር» ይለዋል። የመርከበኛው አፍ ተከፍቷል። ትንፋሹ ነጭ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ ነጭ ናቸው። ወንድሜ በጥቅምት ሞተ።

መቃብሩ ላይ የእንጨት መስቀል ተተከለለት፤ ስሙ በጥቁር ቀለም ተጻፈ። ያን ዓመት ዝናቡ ኅዳርንም አልማረ። በገና ሰሞን እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«እዚያ እንጨት ላይ የነበረው ጥቁሩ ነገር የት ሄደ?» አለችኝ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስሙ መሆኑን ግን ታውቃለች።

«ዝናቡ አጥቦት ነው፣ እማዬ።»

«አንድ ግንበኛ በሲሚንቶ ከተሠራ አይለቅም አለኝ። ገንዘቡን ግን ከየት እናመጣለን? ይሁን፤ የእግዜር ፈቃድ።» ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተናገረችም። እኔ ግን «ይሁን» ያለችበትን ድምፅ መርሳት አቃተኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት አልወድም፤ አስተማሪም ሆነ እናቴ፣ ደስ እንዲለው የማልሠራው ነገር የለም። የሲሚንቶውን መስቀል እኔ አሠራዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልሁ።

ጎሬ ከአንድ ቡና ነጋዴ ዘንድ የሚሠሩ ጸሐፊ ነበሩ። አዲስ አበባ ላሉ አንድ ፈረንጅ የድሮ ገንዘብ፣ ቴምብርና ባለሥዕል እየፈለጉ ይገዛሉ ይባላል። በየካቲት ለሥራ መቱ ሲመጡ የመጀመሪያውን ቁጥር ይዤ ቀረብኋቸው። በጣታቸው ጫፍ ገለጡት።

«ዘጠኙም አለሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ። ሙሉ ነው። ሁሉም የሚናገር ነው።» የመጨረሻውን በኩራት ነው ያልሁት። ዋጋውን የሚጨምር መስሎኝ።

«ይኼ ምንድን ነው የተለጠፈበት?»

«የወንድሜ ጽሕፈት ነው።»

«ልጄ፣ ፈረንጁ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው የሚፈልገው። በመቱ ወርቅ ይሁን፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ይኼ መጠቅለያ ነው። ልጣፉ ከተነሣ ግን ጎሬ አምጪልኝ፤ ዘጠኙን ባንድ ላይ እወስደዋለሁ።» የሚከፍሉትንም ነገሩኝ። መስቀሉን ያሠራል።

ሦስት ቀን አሰብሁበት። ከዚያ ለእናቴም ለወንድሜም የሚሆን መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ። ልጣፎቹን አንድ በአንድ አንሥቼ በአዲስ ደብተር ላይ በተራ እለጥፋቸዋለሁ። ባለሥዕሉ ይሸጣል፣ የወንድሜ ቃል ይቀራል፣ መስቀሉ ይሠራል። ማንም አይጎዳም። ደብተሩን መስመር አሰመርሁለት፤ ቁጥር፣ ገጽ፣ ተናጋሪ ብዬ።

በቢላ ስሞክር ወረቀቱ ተቀደደ። ስለዚህ እናቴ ገበያ ስትሄድ በጀበናው ውሃ አፍልቼ ገጹን በእንፋሎቱ ላይ ያዝሁት። ሙጫው ለሰለሰ፤ ልጣፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በቀስታ ተነሣ። ፊደሉ ሁሉ ይነበባል። ደስ አለኝ። እንዳይጨማደድ እርጥቡን እንደያዘ በደብተሩ ቅጠሎች መካከል አስቀመጥሁት፤ ደብተሩን ደግሞ በወፍጮው መጅ ተጫንሁት። በቀን ሁለት ሰዓት፣ በቀን አንድ ቁጥር። እንዳይነቃነቅ የቀደመውን ሳልገልጥ በስምንት ቀን ስምንቱን ጨረስሁ።

ዘጠነኛውን ስከፍት እጄ ቆመ። የተጻፈበትንም ነጩንም ላንሣ ወይስ የተጻፈበትን ብቻ? ከዚህ በፊት ደብተሩን ልየው ብዬ መጁን አነሣሁ።

ጽሕፈት አልነበረም። ያ ውሃ የበዛበት ቀለም በእርጥቡ ሁሉ ተበትኖ እያንዳንዱ ልጣፍ ፈዛዛ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። የመጀመሪያውን ገለጥሁ፣ የመጨረሻውን ገለጥሁ፣ መካከሉን ገለጥሁ። አንዳንዱ ላይ አንድ እግር፣ አንድ ቀለበት ይታያል፤ የየትኛው ፊደል እንደሆነ ግን አይታወቅም። በጀርባቸው ያለውን ያየሁት ያኔ ነው። እንግሊዝኛው ከሙጫው ጋር ተልጦ መጥቷል። ወደ ባለሥዕሎቹ ሄድሁ። ሲነሣ እያየሁ ትንሽ ፊደል ጎደለ ብዬ ያለፍሁት ነገር ሁሉ ሲደርቅ ሻካራ ባዶ ሆኖ ነበር።

ያም ሆኖ ወደ ጎሬ ሄድሁ። ምናልባት ብዬ ነው። በቡና መኪና ላይ፣ ዘጠኙን በፎጣ ጠቅልዬ። ጸሐፊው ሦስቱን ብቻ አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ልጣፉ ይነሣ ስላሉኝ ነው፣ ጋሼ።»

«አዎ፣ ብያለሁ» አሉ። ዘጠነኛውን አንሥተው ገለጡ። «ይኼ አልተነካም። ይኼን እንኳ ልጣፉን በጥንቃቄ ካነሣሁት...» ጠረጴዛቸው ላይ ወዳለው የወረቀት መቁረጫ እጃቸውን ሲልኩ ባለሥዕሉን ከእጃቸው ነጠቅሁ። ትልቅ ሰው ነጥቄ አላውቅም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ይኼ አይሸጥም።»

«ያለ እሱማ ሌላው ምን ያደርግልኛል?» አሉ፤ አልተቆጡም። ሹፌሩን ጠርተው «ይህችን ልጅ ጋቢና አስቀምጠህ አድርሳት» አሉት። ይህ ደግነታቸው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ለእናቴ አልነገርኋትም። ስምንቱን ወደ ቆርቆሮ ሣጥኑ መልሼ ከምድጃው በላይ ሰቀልሁት። እስከ ሙት ዓመቱ ማንም አይከፍተውም ብዬ ነበር፤ በሁዳዴ አንድ እሑድ ግን እናቴ ራሷ ሣጥኑን አወረደችው።

«እስቲ ያን ሰውዬ አንብቢልኝ» አለችኝ። «ድምፁ ናፈቀኝ።»

የመርከበኛውን ማለቷ አልነበረም።

ሁለተኛውን ቁጥር ዘርግቼ ባዶውን እያየሁ በቃሌ ማንበብ ጀመርሁ። ብዙውን አውቀዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ ሹሙ «ሂድ ከዚህ» አለ ብዬ አነበብሁ።

«እንደሱ አይልም» አለች እናቴ። «‹መዝገቡ አልተገኘም› ነው የሚል። ከዚያ ሰውዬው ‹እየሰመጥሁ እኮ ነው› ይለዋል። ከዚያ ‹ነገ ተመለስ›።»

«አዎ፣ እማዬ፤ ዘልዬው ነው።»

ቀጠልሁ። ስድስተኛው ገጽ ላይ አሁንም አረመችኝ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አኖረች፤ ከአንዱ ትንፋሽ ወደ ሌላው ቀስ እያለች አሳለፈችው።

«እዚህ ጋ ጉብ ጉብ ይል ነበር» አለች።

ሌሎቹንም አንድ በአንድ አውጥታ ዳሰሰቻቸው። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፤ እንደገና ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችው።

«ይኼ አለ» አለች።

«እሱ አለ፣ እማዬ። መስቀሉን ላሠራልሽ ብዬ ነበር...» ሁሉንም ነገርኋት። የወፍጮውን መጅ፣ ደብተሩን፣ ጎሬን። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ብትጮኽብኝ ወይም ብትመታኝ ደስ ባለኝ። እናቴ ግን ዘጠነኛውን በነጠላዋ ጠቅልላ ትራሷ ሥር አገባችው።

«ሌሎቹን ለሐጂ መልሺላቸው» አለችኝ። «የሳቸው ወረቀት ነው።»

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ምን ብዬ ልቀየምሽ? እኔ ሲሚንቶ ባላነሣ አንቺ ጎሬ ምን ያደርስሻል?» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐጂ ስምንቱን ተቀብለው ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከሻማው አጠገብ አስቀመጧቸው። «ልጄ፣ እነዚህን አልቀድም» አሉኝ። ቃላቸውን ለመጠበቅ የቻሉትን ያህል ጠበቁ። ማር የሚያመጣው የያዮ ሰው በግንቦት መጥቶ ወንድሜን ጠየቀ፤ ነገርነው። ወደ እኔ ዞሮ፣

«ያ ኢንተላ፣ ክንዱስ?» አለኝ። አንቺ ልጅ፣ ማለቱ ነው።

ዘጠነኛውን አምጥቼ የመጨረሻውን ሥዕል አሳየሁት። መርከበኛው በአንድ ክንዱ በር ይገፋል፤ አፉ ተከፍቶ ትንፋሹ ነጭ ነው።

«አልበቀለችም» አለ። «እዚህ ምን ይላል?»

«አልተጻፈም።»

«አንቺ ተምረሻል አይደል? ጻፊበት እንጂ።»

ሞክሬ ነበር። ቀለሙን በውሃ አቅጥኜ፣ ብዕሩን ነክሬ፣ ከ«ስምህን ተናገር» ቀጥሎ ባለው ነጭ ላይ እጄን ይዤ ተቀምጬ ነበር። መጻፍ የምችለው የወንድሜን ስም ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በዚያ ቀለም ልጽፈው አልፈለግሁም።

በዚያ ክረምት ከበደሌ ወዲህ መንገዱ ተበላሸ። መኪና ሳይመጣ ሦስት ሳምንት አለፈ። የሐጂ ወረቀት አለቀ፤ ጋዜጣው አለቀ፣ የሳሙና ካርቶኑ ተቀድዶ አለቀ። እሳቸው ወደ አንድ ለቅሶ በሄዱ ቀን ሱቁን የሚጠብቁት ባለቤታቸው ከላይኛው መደርደሪያ ያገኙትን ወረቀት አወረዱ። ማንም አልነገራቸውም። ሐጂ ሲመለሱ ቤታችን ድረስ መጥተው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር፤ ሳይገቡ፣ ዝናቡ እየወረደባቸው። እናቴ «ሐጂ፣ ወረቀት ለዚሁ አይደለም እንዴ? ይግቡ» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ መርከበኛው በመቱ ሁሉ ተበተነ። በጎረቤት ቤት በርበሬ ይዞ አየሁት፣ በትምህርት ቤቱ ዘበኛ እጅ ስኳር ይዞ አየሁት። ወደ እኛ ቤት የመጣው አንድ ገጽ ብቻ ነው። እናቴ ጨው ገዝታ መጣች፤ ጨውን ወደ ቅሉ ገለበጠችና ወረቀቱን በጉልበቷ ላይ አቃናችው፤ ወንድሜ ያደርግ እንደነበረው። በጣቷ ዳሰሰችው። እርጥብ ጨው የነካው ሥዕል ቀለሙ መልቀቅ ጀምሯል፤ ማዕበሉ ግን ይታያል። ከዚያ እሳቱን ለማያያዝ ወረቀት ሳጣ ያንኑ ገጽ ዘረጋችልኝ።

ከእጇ ተቀብዬ እሳቱን ያያያዝሁበት ሐምሌ 11 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው።